ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ስትወርድ፦ ከወባና ከካላዛር የመጠበቂያ መመሪያ

ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ከአዘዞ በመተማ መንገድ የሚወርደው መኪና በሰው ጢም ብሎ ነው የሚሄደው። ከጋይንት፣ ከደምብያ፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም ሳይቀር የመጣ ጎረምሳ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ለአረም ይወርዳል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ደግሞ የሰሊጥ አጨዳው አለ። ብሩን ይዞ የሚመለሰው ብዙ ነው። በሽታ ይዞ የሚመለሰውም ቀላል አይደለም።

ወንድሜ ከእነሱ አንዱ ነበር። ኅዳር ላይ ደህና ሆኖ ተመለሰ። ጥር አካባቢ ማታ ማታ ያተኩሰው ጀመር። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፤ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተባለና አሥር ቀን መርፌ ተወጋ። ትንሽ ተሻለው፣ ከዚያ ተመልሶ ያዘው። ሌላ ክሊኒክ ስንሄድ ወባ ተባለ። ሦስተኛው ጋ ጨጓራ። ሚያዝያ ሲገባ ሱሪው በገመድ ካልታሰረ ወገቡ ላይ አይቆምም ነበር፤ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተወጥሯል፣ አፍንጫውም ይደማል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ገና እንዳየችው «ቆላ ወርደህ ታውቃለህ እንዴ?» አለችው። በዚያው ቀን ተመረመረ። ካላዛር ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ያንን አንድ ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኛም አልተናገርንም፤ የጥቅምቱ ሥራና የጥር ወሩ ትኩሳት ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ በቤታችን አልነበረማ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለሚወርደውም፣ ቤት ሆኖ ለሚጠብቀውም ነው። አንተ እያልኩ እጽፋለሁ፤ እንጀራ ለመጋገርና ወጥ ለመሥራት የሚወርዱ እህቶቻችንም ነገሩ የእነሱም መሆኑን ይወቁ።

መጀመሪያ የሚነክስህን እወቅ

ሁለት ናቸው። አንዷን ታውቃታለህ፣ የወባ ትንኝ ናት። የታቆረ ውኃ ላይ ትራባለች፣ ሲመሽ ትወጣለች፣ ጆሮህ ሥር ስትጮህ ትሰማታለህ። የምታስተላልፈው ፕላስሞዲየም የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በእኛ አካባቢ ሁለት ዓይነቱ ይበዛል፣ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ፋልሲፓረም ካልታከመ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከወራት በኋላ ያገረሻል።

ሁለተኛዋን ብዙ ሰው አያውቃትም። የአሸዋ ዝንብ ይሏታል። ስሟ ያሳስታል፤ አሸዋ ላይ አይደለም የምትኖረው። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም። ውኃም አትፈልግም፤ ስለዚህ «እዚህ ረግረግ የለም» ብለህ አትዘናጋ። የመተማና የሁመራ ዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ትደበቃለች፣ ኩይሳ ውስጥም፣ ግራር ባለበት ሁሉ። ሩቅ መብረር አትችልም፣ እየዘለለች ነው የምትጠጋህ። ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። ስትነክስህ ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ የሚባለውን ተሕዋስ ትሰጥሃለች፤ እሱ ጣፊያህ፣ ጉበትህና መቅኔህ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ካላዛር ማለት ይሄ ነው። ደጋ ላይ ፊት ላይ የሚወጣው ቁንጭር የሱ ዘመድ ነው፤ ግን ቁንጭር ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ካላዛር ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላዩን ይገድላል። ቁጥሩን ለማስፈራራት አይደለም የጻፍኩት። ከታከመ የሚድን በሽታ ስለሆነ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደገኛ ሰው ለወባ ሰውነቱ አልተለማመደም። በፈረንጆቹ 1958 ወባ ወደ ደጋው ሲወጣ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ተጽፏል። ቆላ ተወልዶ ያደገ ጓደኛህ ያለ አጎበር ተኝቶ ሁልጊዜ ደህና ሆኖ ቢነሳ፣ አንተም እንደሱ ነህ ማለት አይደለም።

ከመነሳትህ በፊት

በኬሚካል የተነከረ አጎበር ያዝ። በቀበሌህ ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቃት፣ ከሌላት ግዛ። አዲስ ከሆነ ከላስቲኩ አውጥተህ አንድ ቀን ጥላ ላይ አናፍሰው። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ፀሐይ ኬሚካሉን ያደክመዋል። አሮጌ ከሆነ ቀዳዳውን ስፋ። የአጎበሩ ቀዳዳ ለአሸዋ ዝንብ ሰፊ ነው፣ ልታልፍ ትችላለች የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ስታርፍበት ኬሚካሉ ያገኛታል። ስለዚህ ያልተነከረ ተራ አጎበር ለወባ ትንኝ እንጂ ለዚህችኛዋ ብዙ አይጠቅምም።

ሲባጎ አትርሳ። ብዙ ሰው አጎበር ይዞ ይወርድና የሚያስርበት አጥቶ ትራስ ያደርገዋል፣ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። አሥር ሜትር ሲባጎ ይበቃሃል። እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪ፣ ካልሲ ጨምር። ጥቂት ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝህ በውኃ በጥብጠህ የምትጠጣው ዱቄት)፣ የውኃ ማከሚያ መድኃኒት፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ካገኘህ እሱንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ። ስልክህ ላይም መጻፍ ትችላለህ፤ ነገር ግን ስልክ ይሰረቃል፣ ባትሪም ያልቃል። ወረቀቱ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግርሃለሁ።

የምትተኛበትን ቦታ በቀን ምረጥ

ይሄን በደንብ አንብበው፣ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ከጎንደር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ አገር ተነስተህ ጭልጋን፣ ነጋዴ ባሕርን እያለፍክ ገንዳ ውኃ ስትደርስ ከ1,000 ሜትር በታች ገብተሃል። ሙቀቱ ያፍንሃል። ቀን ከግራር ጥላ ሌላ የሚናፍቅህ የለም። ማታ ደግሞ ዳሱ ውስጥ ሃምሳ ሰው ተደርድሮ ስለሚተኛ ውጭ፣ ያው ግራር ሥር፣ ጋቢ አንጥፈህ መተኛት ያምርሃል። የአሸዋ ዝንቧም የምትጠብቅህ እዚያው ነው። ሰሜን ምዕራባችን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ነገር ቢኖር ግራር ሥር ማደርና ውጭ መተኛት ለካላዛር እንደሚያጋልጥ ነው።

ስለዚህ ስትደርስ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ ቦታ ፈልግ። ከግራር ራቅ በል። ከኩይሳ ራቅ በል። መሬቱ የተሰነጠቀ ከሆነ ሌላ ቦታ እይ፣ ከሌለ ስንጥቁን በአፈር ድፈነው። ውሻ አጠገብህ አታስተኛ። ከፍ ያለ ቆጥ ወይም አልጋ መሥራት ከቻልክ በጣም ጥሩ ነው።

ውጭ ከመተኛት ሌላ ምርጫ ከሌለህ አራት ችካል ትከል። ችካሎቹ ወገብህ ድረስ ቢደርሱ ይበቃል። አጎበሩን በሲባጎ አራቱም ላይ እሰር፣ ጫፉን ከምንጣፍህ ሥር አስገባ። ክንድህና ጉልበትህ አጎበሩን እንዳይነኩ መሐል ላይ ተኛ፣ ምክንያቱም ከአጎበሩ ጋር የተጣበቀ ቆዳ በውጭ በኩል ይነከሳል። ከጓደኛህ ጋር ሆናችሁ ብትተክሉት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚስቅብህ ይኖራል፣ «ሙሽራ መጣ» ይልሃል። ይበል።

ማታ ማታ ሰሊጥ የሚያጭድም አለ፣ ቀኑ ስለሚያቃጥል። አንተም ከገባህበት አጎበር አያገለግልህም፣ ስለዚህ ልብስህ ነው መከላከያህ። እጅጌህን አውርድ፣ ሱሪህን ካልሲ ውስጥ ክተት፣ አንገትህን በነጠላ ጠቅልል፣ የቀረውን ቆዳህን ቅባቱን ተቀባ። ጭስ ትንሽ ያርቃል፤ ነገር ግን እሳቱ ሲጠፋ ጥበቃውም ይጠፋል፣ በሱ ተማምነህ አትተኛ። ሰሊጡ ካለቀ በኋላ ለጥጥ ለቀማና ለምንጣሮ ቆይተህ በጋውን እዚያው የምታሳልፍ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ። መሬቱ በደንብ የተሰነጠቀበት የበጋው መጨረሻ የአሸዋ ዝንብ የሚበዛበት ጊዜ ነው።

ውኃውን

የምትጠጣው ከኩሬ ወይም ከወንዝ ከሆነ አፍላው፣ ወይም በመድኃኒት አክመው። የመድኃኒቱን መጠን ከማሸጊያው ላይ አንብብ፣ በግምት አታድርግ። ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ አጥልለው። ቋራ ውስጥ በበርሚል ጊዮርጊስ ጠበል አካባቢ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኮሌራ ተነስቶ ነበር፤ ሰው በአንድ ቦታ ሲበዛና ሽንት ቤት ሲጠፋ ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ ውኃ የሚል ተቅማጥ ከያዘህ ወዲያው አንድ ኦአርኤስ በአንድ ሊትር የታከመ ውኃ በጥብጠህ እየጠጣህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ሞልቶ፣ ሳይከመር።

ትኩሳት ሲጀምርህ

አሁን ወረቀቱን አውጣ። ሦስት መስመር ጻፍ። አንደኛ፣ የት የት ሠራሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ። ሁለተኛ፣ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን። ሦስተኛ፣ እስካሁን የወሰድኩት መድኃኒት ስሙና ስንት ቀን። የመድኃኒቱን ስም ማንበብ ካልቻልክ ባዶውን ፓኬት አስቀምጥ።

ከዚያ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂድ። «ነገ ይሻለኛል» ብለህ አትቀመጥ፣ አሠሪው ቀኑን ቢቆርጥብህም ሂድ። ከጣትህ ደም ወስደው ወባን ይመረምሩሃል። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ኮአርተም የሚባለው የወባ እንክብል ከታዘዘልህ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፤ የመጀመሪያው ወዲያው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ። ወተት ወይም ዘይት ካለው ምግብ ጋር ዋጠው፣ አለዚያ በደንብ አይሰራም። ሁለት ቀን ወስዶ ሲሻለው የቀረውን ለጓደኛው የሚሰጥ አለ። ደግነት መስሎት ሁለቱንም ነው የሚጎዳው። ቫይቫክስ ከሆነ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋ ተጨማሪ መድኃኒት፣ ፕሪማኪን፣ አለ። ባለሙያውን ጠይቀው፤ እርጉዝ ሴት ግን አትወስደውም።

መቀባዠር፣ መንቀጥቀጥ፣ ደጋግሞ ማስታወክ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት መጥቆር፣ መቆም ማቃት ከመጣ ግን ነገሩ የጤና ኬላ አይደለም፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

የፈጣን ምርመራው ውጤት «ወባ የለም» ቢልና ትኩሳቱ ቢቀጥል ደምህን በማይክሮስኮፕ እንዲያዩልህ ጠይቅ። በእኛ አካባቢ የፈጣን ምርመራው የሚፈልገው ፕሮቲን የሌለው የፋልሲፓረም ዓይነት ስለተገኘ መሣሪያው አንዳንዴ ያመልጠዋል። ልብስህ ላይ ቅማል ካለም ንገራቸው፣ በቅማል የሚመጣ የሚያገረሽ ትኩሳትም አለና። ልብስህን አፍልተህ እጠብ።

አሥራ አራተኛው ቀን

ወንድሜን ልናጣው የነበረው እዚህ ላይ ነው።

ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ የወባ መድኃኒትም ወስደህ ካልለቀቀህ፣ ቆላም ወርደህ ከነበረ፣ ካላዛርን ተመርመር። ሌላ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቅ። ካላዛር እንደ ወባ በአንድ ቀን አይጥልህም፤ ቀስ ብሎ ያከሳሃል፣ ያደክምሃል፣ ከግራ የጎድን አጥንትህ ሥር ጣፊያህ እያበጠ ይወርዳል፣ ደምህ ያንሳል፣ ድድና አፍንጫ ይደማል። ደግሞ ልብ በል፣ ከንክሻው እስከ ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። በጥቅምት ተነክሶ በፋሲካ የሚታመም አለ። ያኔ ሰሊጡን ማን ያስታውሳል? ለዚህ ነው ወረቀቱ።

ክሊኒክ ገብተህ ቶሎ «ታይፎይድና ታይፈስ» ከተባልክ በትሕትና አንድ ነገር ተናገር፦ «መተማ ስሠራ ቆይቼ ነው የመጣሁት፣ ትኩሳቱ ይህን ያህል ቀን ሆኖታል።» ብዙ ቦታ የሚሠራው የታይፎይድ የደም ምርመራ ቀድሞ በነበረ ነገርም፣ በሌላ በሽታም «አለ» ሊል ይችላል። በሱ ብቻ ተወግተህ አትመለስ። የካላዛሩ ምርመራ ከጣት ደም የሚሠራ ነው፣ ውጤቱ በደቂቃዎች ይደርሳል። ካልለየለት ሐኪሞቹ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ይወስዳሉ። ከዚህ በፊት ካላዛር ታክመህ ከነበረ ተናገር፤ ፈጣን ምርመራው ከዳንክም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ማለቱን ይቀጥላል።

ጎንደር ውስጥ የምትሄደው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። በፈረንጆቹ 1954 እንደ ጤና ኮሌጅ የተጀመረው ያ ተቋም ዛሬ የራሱ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ከአገሩ ሁሉ ሰው የሚመጣበትን ሕክምና እኛ ደጃፋችን ላይ ይዘን ክሊኒክ ለክሊኒክ ስንዞር ነበር። የካላዛር መድኃኒት ደግሞ በነፃ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሆዱ ያበጠ ሰው ይዛችሁ ወጌሻ ጋ አትሂዱ። ያበጠ ጣፊያ ከታሸ ሊፈነዳ ይችላል፣ ከፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ፈስሶ ይሞታል። መተኮስና መበጣትም ቁስልና መመረቀዝ ነው የሚጨምረው። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግ ይጠመቅ፣ እናቴም አስጠምቃዋለች፤ መርፌውን ግን ሳያቋርጥ።

ሕክምናው ላይ

በብዛት የሚሰጠው ሁለት ዓይነት መርፌ ነው፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን፣ በየቀኑ ለ17 ቀን። ያማል፣ አልዋሽህም። በሳምንቱ ትኩሳቱ ሲለቅህ «ድኛለሁ» ብለህ እንዳትወጣ፤ ካቋረጥከው ተመልሶ ይመጣል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጆሮህ ከጮኸ፣ ልብህ ያለ ልክ ከመታ፣ ሆድህን አጥብቆ ከያዘህ የዚያኑ ቀን ተናገር። ጠላም አረቄም አይነካም።

ኤች አይ ቪም ይመረምሩሃል፣ እሺ በል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እርስ በርስ ይበረታታሉ፣ የካላዛሩም መድኃኒት ይለወጣል፣ ስለዚህ ካልታወቀ የተሳሳተ ሕክምና ልታገኝ ነው። ሳል ካለህ የሳንባ ነቀርሳም ይታይልህ።

ቤተሰብ ሆይ፣ አስታማሚ መድቡለት፤ 17 ቀን ለብቻ ረጅም ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ያገኛችሁትን አምጡ። አብራችሁ በመብላት፣ በመተቃቀፍ አይይዛችሁም። ነገር ግን ሳይታከም ቤት የተቀመጠ ሰው የአሸዋ ዝንብ ባለበት አካባቢ ለጎረቤት ምንጭ ሊሆን ይችላል። በፈረንጆቹ 2005 ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ሲነሳ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር የመሰለው። ቆላ ያልወረዱ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ታመሙ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ስድስት ወር ላይ ያለውን በተለይ። ደህና ነኝ ብሎ እንዳይቀር። ወረቀቱ ላይ አራተኛ መስመር ጨምሩበት፣ «ካላዛር ታክሜያለሁ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል።

ወንድሜ ባለፈው ጥቅምት እንደገና ወረደ። አትሂድ ብለነው ነበር፤ የሚያርሰው መሬት የለውም፣ ምን ይብላ? አጎበሩን እኔ ሰፋሁለት፣ ሲባጎውን ራሱ ገዛ። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ የከተተው ወረቀት ላይ የመጀመሪያውን መስመር ከቤት ሳይወጣ ጻፍኩለት፦ «መተማ፣ ከጥቅምት 3 ጀምሮ።»